መዋጥ መርሳትና መዋጡን መርሳት፤ ስለ እንግሊዝኛ ግሦች አገባብ



በአንድ ጤና ጣቢያ የሕሙማን ካርድ ላይ «ፔሸንት ስቶፕድ ቱ ቴክ ሂዝ ሜድስን» የሚል ቃል ተጽፎ ቢገኝ ጸሐፊው ሊል የፈለገው ምን እንደ ሆነ ከዚህ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ ወዲያው ይረዳዋል። በሽተኛው መድኃኒቱን መውሰድ አቁሟል ማለቱ ነው። ነገር ግን የተጻፈው ቃል ይህን አይልም። የተጻፈው ቃል የሚለው፣ በሽተኛው ይሠራው የነበረውን ነገር ገታ አድርጎ፣ ወይም መንገድ ሲሄድ ቆም ብሎ መድኃኒቱን ወሰደ ነው። አንደኛው ሰው መድኃኒቱን የተወ ነው፤ ሁለተኛው ግን ለመድኃኒቱ ሲል ሌላውን ሥራ የተወ ነው። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ሲሆን በጽሑፍ የሚለያቸው ግን አንዲት «ቱ» እና አንዲት «ኢንግ» ብቻ ናቸው።

በኢትዮጵያ የሐኪም ቤት ካርድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው ሥርዐት 6 ወር ይፈጃል፤ በተከታታይ ለሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው ደግሞ በመዝገብ ላይ ክትትሉን እንደ ተወ ተቆጥሮ ይመዘገባል። ስለዚህ «ተወ» እና «ለመውሰድ ቆመ» የሚሉት ሁለት ነገሮች በሰዋስው መምህር ቀይ እስክርቢቶ ብቻ የሚለዩ አይደሉም። ካርዱን ጽፎ የሰጠው ሰው ሐሳቡን ያውቃል፤ በሌላ ከተማ ካርዱን የሚቀበለው ሐኪም ግን የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ በመስቃን ምድር ሲታይ የራሱ የሆነ መልክ አለው። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከርእሰ ከተማው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። በገበያ ቀን ጆሮውን ጣል አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው መስቃንኛን፣ ስልጢኛን፣ ዶቢኛን፣ ማረቆኛንና አማርኛን በአንድ ሥፍራ ይሰማል። ከእነዚህ ማረቆኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን የቀሩት የሴም ቋንቋዎች ናቸው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የጉራጌ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት መስቃንኛን ከሌሎቹ ለይቶ ማቅረቡ ይታወቃል። እንግዲህ ከዚህ አካባቢ የተነሣ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ የባዮሎጂውን፣ የሒሳቡንና የታሪኩን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሲያነብ፣ እንግሊዝኛ ለእርሱ ሁለተኛ ቋንቋ አይደለም፤ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም አራተኛ ነው። አማርኛውን ራሱን በመንገድና በትምህርት ቤት የተማረው ነው። መምህሩ «አማርኛችሁ እንግሊዝኛችሁን አበላሸባችሁ» ብሎ ሲቆጣ ይህ ሁሉ የተዘነጋ ይመስላል።

ይልቁንም የስሕተቱ ምንጭ ሲመረመር አማርኛ በደል እንዳልሠራ ይገለጻል። አማርኛ ሁለቱን ሐሳቦች ጥርት አድርጎ ይለያቸዋል። «መጠጣቱን አቆመ» የሚለውን «ሊጠጣ ቆመ» ከሚለው ጋር የሚያደናግር አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም፤ የአምስት ዓመት ሕፃንም አያደናግረውም። ታዲያ ይህንን ልዩነት በአፉ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ስለ ምን ይጥለዋል?

ያስጣለው ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተሰጠው አንድ የትርጉም ሠንጠረዥ ነው። በጥቁር ሰሌዳው ላይ በግራ በኩል «ቱ ጎ»፣ «ቱ ኢት»፣ «ቱ ድሪንክ» ተብሎ ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል «መሄድ»፣ «መብላት»፣ «መጠጣት» ይባላል። ልጁም «ቱ» ማለት «መ» ማለት ነው ብሎ ይይዛል። ይህ እምነት ከሥር ከሰደደ በኋላ «መጠጣት አቆመ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሲተረጉም፣ ለ«መጠጣት» «ቱ ድሪንክ»ን፣ ለ«አቆመ» «ስቶፕድ»ን አምጥቶ «ስቶፕድ ቱ ድሪንክ» ማለቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ልጁ በታማኝነት የተማረውን መልሷል። የእንግሊዝኛው መምህር በዘጠነኛ ክፍል የሚያርመው ስሕተት በአንደኛ ክፍል በንጹሕ ልብ የተተከለ ነው።

በቤተ ክህነት ትምህርት የግእዝ ሰዋስው የተማሩ ሊቃውንት ግሥን በአንቀጽ በአንቀጽ ሲከፍሉት ንኡስ አንቀጽንና ዘንድ አንቀጽን ይለያሉ። ንኡስ አንቀጽ «መጠጣት» የሚባለው ነው፤ ድርጊቱን እንደ ስም አድርጎ የሚጠራ። ዘንድ አንቀጽ ግን «ይጠጣ ዘንድ» የሚባለው ነው፤ ድርጊቱ ገና እንደ ሆነና ሐሳብ ወደ እርሱ እንደሚያመራ የሚያሳይ። የዛሬው አማርኛ ለዘንድ አንቀጽ «ሊጠጣ» ወይም «ለመጠጣት» ይላል። አሁን «ስቶፕድ ቱ ድሪንክ» በዚህ ሚዛን ሲመዘን «ይጠጣ ዘንድ ቆመ» ማለት ሆኖ ይገኛል፤ «ስቶፕድ ድሪንኪንግ» ደግሞ «መጠጣትን ተወ» ነው። እንግሊዝኛው «ቱ» በጥንት ዘመኑ «ወደ» የሚል መስተዋድድ እንደ ነበረ በቋንቋው ታሪክ የተረጋገጠ ነው። የአማርኛውም «ለ» እንዲሁ መስተዋድድ ነው። ሁለቱ ሩቅ ለሩቅ ያሉ ቋንቋዎች አንድ ዐይነት መንገድ ሄደዋል። በሰሌዳው ላይ «ቱ» ከ«መ» ትይዩ በሚጻፍበት ቦታ ከ«ለ» ትይዩ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አያሌ ቀይ ቀለም በተረፈ ነበር።

የእንግሊዝኛ ግሦችን እንደየአገባባቸው ለይቶ የመዘርዘሩ ሥራ ራሱ የተወለደው በእንግሊዝ አገር አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሃሮልድ ፓመር እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ጃፓን ሄደው ለጃፓን ተማሪዎች ሲደክሙ ያጠኑትን፣ ከእርሳቸው ጋር የሠሩት ኤ. ኤስ. ሆርንቢ አስፋፍተው እ.ኤ.አ. በ1942 በቶኪዮ በታተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ አስገቡት። ይኸው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1948 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጥቶ በዓለም ተሠራጨ። ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተሙት መጽሐፍ የእንግሊዝኛን ግሥ በ25 አገባቦች መድበውታል። እንግሊዛዊው በአፉ የሚያውቀውን ነገር ሊቆጥረው አይነሣም፤ የቆጠረው ሰው የባዕዱን ተማሪ ችግር በቅርብ ያየ መምህር ነው። ይህን ማወቅ ለቡታጅራና ለወልቂጤ መምህርም የሚሰጠው ድፍረት አለ። ከዚያ በኋላ ድዋይት ቦሊንጀር የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፉት ጥናት፣ የአነጋገር ቅርጽ ከተለያየ ትርጉሙም መለያየቱ እንደማይቀር ተከራክረው፣ «ኢንግ» ድርጊቱን እንደ ተጨበጠ ነገር፣ «ቱ» ግን ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ እንደሚያቀርቡት አስረድተዋል። ሊቃውንተ ግእዝ ንኡስ እና ዘንድ ብለው ከለዩት ብዙም የራቀ አይደለም።

ከ«ስቶፕ» ይልቅ ረቀቅ ያለው «ፎርጌት» እና «ሪሜምበር» ነው። «ሂ ፎርጎት ቱ ቴክ ዘ ታብሌት» ሲባል ክኒኑ አልተዋጠም። «ሂ ፎርጎት ቴኪንግ ዘ ታብሌት» ሲባል ክኒኑ ተውጧል፤ የጠፋው ትዝታው ነው። በጥንቃቄ የሚነገር አማርኛ ይህን በአንዲት ቅጥያ ይለየዋል፤ «ክኒኑን መዋጥ ረሳ» እና «ክኒኑን መዋጡን ረሳ»። በፈጣን ንግግር «መዋጡን ረሳ» ወደ ሁለቱም ሊያዘነብል ስለሚችል ሁለተኛውን ሐሳብ አጥብቆ መናገር የፈለገ ሰው «እንደ ዋጠ ረሳ» ይላል። እንግሊዞችም ቢሆኑ «ፎርጎት ቴኪንግ»ን ብቻውን ብዙ አይጠቀሙበትም፤ «ኔቨር ፎርጌት» በሚል አሉታ ውስጥ ነው የሚያዘወትሩት፤ አለዚያ እነርሱም «እንደ ዋጠ» ወደሚለው አነጋገር ይዞራሉ።

ለአስታማሚው ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መዋጥ የረሳ ሰው አንድ ክኒን ይጎድለዋል፤ መዋጡን የረሳ ሰው ሁለተኛ ይደግማል። የሚሰጣቸው ምክርም አንድ አይደለም። «ሪሜምበርድ ቱ ሎክ ዘ ዶር» ያለ ሰው አስታውሶ ቆለፈ፤ «ሪሜምበርስ ሎኪንግ ዘ ዶር» ያለ ሰው የቆለፈበት ጊዜ በዐይነ ሕሊናው ይታየዋል። በመጀመሪያው ማስታወሱ ይቀድማል፣ መቆለፉ ይከተላል። በሁለተኛው መቆለፉ ይቀድማል። ለተማሪ የጊዜውን ቅደም ተከተል በሁለት ቀስቶች በሰሌዳ ላይ ማሳየት ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

«ትራይ» ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ እጅግ የቀረበ ነው። እንግዳ ሰው ወደ መስቃን መጥቶ ቆጮ ቀርቦለት እንደ ሆነ፣ «ሂ ትራይድ ቱ ኢት ቆጮ» ቢባል እንግዳው ሊበላ ታገለ፤ ምናልባትም አልሆነለትም ማለት ነው። «ሂ ትራይድ ኢቲንግ ቆጮ» ቢባል ግን በልቷል፤ የበላውም እንዴት እንደ ሆነ ለማየት ነው። አማርኛ ለመጀመሪያው «ለመብላት ሞከረ»፣ ለሁለተኛው «በልቶ አየ» ይላል። ቦዝ አንቀጹ «በልቶ» እና «አየ» ተጣምረው የሚሰጡት ትርጉም ከእንግሊዝኛው «ትራይ» እና «ኢንግ» ጥምረት ጋር በትክክል ይገጥማል። ቀምሶ አየ፣ ጠይቆ አየ፣ ሞክሮ አየ የሚሉት ሁሉ የዚህ ዘር ናቸው። ነገሩ ወደ ሕፃን ሕክምና ሲዞር እንዲህ ይሆናል፤ እናት ተቅማጥ ለያዘው ልጇ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን «ትራይድ ቱ ጊቭ» ከተባለ ልጁ አልቀበል ብሏል፤ «ትራይድ ጊቪንግ» ከተባለ ልጁ ጠጥቷል፣ ነገር ግን የተፈለገው ውጤት ገና አልታየም። ጤና ረዳቱ ቀጥሎ የሚወስደው ርምጃ ከየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደ ተነሣ ይወሰናል።

ወደ «ዩዝድ ቱ» ሲደረስ ቡታጅራ ራሷ ምሳሌ ትሆናለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1986 የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም በመስቃንና በማረቆ አቋቁሞ፣ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚወለደውን፣ የሚሞተውንና የሚፈልሰውን ሰው ቤት ለቤት መዝግቧል። በዚህ መሠረት ላይ ከተሠሩት ብዙ ጥናቶች አንዱ አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ጉናር ኩልግሬን እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ስለ ጫት መቃም የተደረገው ጥናት ነው። ከተጠየቁት 10,468 ጎልማሶች 55.7 ከመቶው በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ፣ 50 ከመቶው ደግሞ በጊዜው ይቅሙ እንደ ነበር ተገልጧል። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት 5.7 ከመቶ፣ በሰው ሲሰላም ወደ 600 ያህል ነው። እነዚህ 600 ሰዎች ቀምሰው ወይም ለጊዜው ለምደው የተዉ ናቸው።

አሁን ይህ ውጤት በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ሂ ዩዝድ ቱ ቹ ጫት» የተባለ ሰው ከእነዚያ ከተዉት ወገን ይቆጠራል፤ «ይቅም ነበር»፣ ዛሬ ግን የለም። «ሂ ኢዝ ዩዝድ ቱ ቹዊንግ ጫት» የተባለው ግን መቃም ለምዷል፤ ከ50ው ከመቶ ወገን ነው። «ሂ ሃዝ ኤቨር ቹድ» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ልማድን አይጠይቅም፤ አንድ ቀን ብቻ ቅሞ እንደ ሆነም ይበቃል። አማርኛ «ቅሞ ያውቃል?»፣ «ይቅም ነበር?»፣ «መቃም ለምዷል?» ብሎ ሦስቱን በሦስት ልዩ ልዩ ቃል ይጠይቃል። እንግሊዝኛው ግን ከሦስቱ ለሁለቱ «ዩዝድ ቱ» የሚል አንድ ድምፅ ሰጥቷቸዋል፤ ልዩነቱ ያለው ፊት ለፊቱ ባለው «ኢዝ» እና ከኋላው ባለው «ኢንግ» ላይ ነው። በዚህ ረገድ አማርኛ ይበልጥ ግልጽ መሆኑን ለተማሪ መንገር ከንቱ ውዳሴ አይደለም፤ ከግልጹ ተነሥቶ ወደ ድፍኑ መሄድ የማስተማር ሥርዐት ነውና። «ኢዝ ዩዝድ ቱ» በሚለው ውስጥ ያለው «ቱ» የዘንድ «ቱ» አለመሆኑም መነገር አለበት፤ ይህ ጥንታዊው «ወደ» የሚለው መስተዋድድ ነው፤ ስለዚህ ከኋላው ስም ወይም «ኢንግ» ይፈልጋል። በየማመልከቻው መጨረሻ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር» እየተባለ የሚጻፈው ስሕተትም ከዚሁ የመጣ ነው።

አማርኛ ሁልጊዜ የሚሻል ሆኖ አይገኝም። እንግሊዝኛ «ዘ ዊትነስ ሶው ሂም ክሮስ ዘ ሮድ» እና «ዘ ዊትነስ ሶው ሂም ክሮሲንግ ዘ ሮድ» ብሎ ሲለይ፣ አማርኛ በተራ አነጋገር ለሁለቱም «ምስክሩ መንገዱን ሲሻገር አየው» ይላል። በመጀመሪያው ምስክሩ ሰውየው ከዚህ ወዲያ ማዶ እስኪደርስ ድረስ ሙሉውን አይቷል። በሁለተኛው ያየው በመሻገር ላይ ሳለ ነው፤ ማዶ ይድረስ አይድረስ ዐረፍተ ነገሩ አይናገርም። በመኪና አደጋ ጉዳይ ሰውየው የተገጨው መሻገሩን ከጨረሰ በኋላ ነው ወይስ ገና መካከል ላይ ሳለ ነው የሚለው የክርክሩ ማዕከል ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚ «ሲሻገር አየው» የሚለውን ሰምቶ ካሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቅርጾች አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የመረጠውም ምስክሩ ያልተናገረውን ሊጨምር ይችላል። ጠንቃቃ አስተርጓሚ በዚህን ጊዜ ምርጫውን ለራሱ አይይዝም፤ ዳኛውን አስፈቅዶ ምስክሩን «ማዶ ሲደርስ አይተኸዋል?» ብሎ ያስጠይቃል።

ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ግን የአማርኛው «አስ» ነው። «አስፈረሙት» የሚለው አንድ የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ቢያንስ በሦስት መንገድ ይወጣል። «ዘይ ሜድ ሂም ሳይን» ከተባለ ተገዷል፤ «ዘይ ሌት ሂም ሳይን» ከተባለ ፈቅደውለታል፤ «ዘይ ሃድ ሂም ሳይን» ከተባለ ጉዳዩ የተለመደ አሠራር ሆኖ ፈርሟል። ሦስቱም በአገባባቸው አንድ ናቸው፤ ከግሡ በኋላ ሰው፣ ከሰውየው በኋላ ያለ «ቱ» የቆመ ግሥ። የአገባባቸው አንድነት ተማሪውን ያታልለዋል። በዚያ ላይ «ሜክ» ወደ ተደራጊነት ሲዞር የጠፋችው «ቱ» ተመልሳ ትመጣለች፤ «ሂ ዋዝ ሜድ ቱ ሳይን» ይባላልና። «ሌት» ደግሞ በዚያ ቦታ ሥራውን ለ«አላው» ይለቃል። ስለ ውል፣ ስለ መሬት፣ ስለ ብድር የሚጻፍ ወረቀት ሁሉ በዚህ ቃል ላይ ይንጠለጠላል።

በዚህ ነጥብ ላይም የቡታጅራ አካባቢ ከባድ ምሳሌ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሴቶች ጤናና በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት በ10 አገሮች አካሂዶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው ጥናት በኢትዮጵያ የተካሄደው በዚሁ አካባቢ ነው። ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 ከመቶ ያህሉ በሕይወታቸው ከባላቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። መጠይቁ «በጉልበት አስገድዶሽ ያውቃል?» የሚለውን «የሚያደርስብሽን ፈርተሽ ሳትፈልጊ እሺ ብለሽ ታውቂያለሽ?» ከሚለው ለይቶ ለየብቻ ነው የጠየቀው። በመጀመሪያው የግሡ ባለቤት ባልየው ነው፤ በሁለተኛው ሴትየዋ ናት። ሁለቱን በአንድ «አስደረገ» የሚያጠቃልል ተርጓሚ ቢገጥም ኖሮ ከሴቶቹ ግማሽ ታሪክ በመዝገብ ላይ ባልሰፈረም ነበር።

የአንድ ግሥ ክብደት ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መጻጻፍ «ይቻላቸዋል» ይል ነበር፤ የኢጣልያንኛው ቃል ግን ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ በኩል ለመሄድ እንደ ተስማሙ አድርጎ ግዴታ አደረገው። ከዚያ የተከተለው አድዋ ነው። የትምህርት ቤት ፈተናን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ማጋነን ይሆናል፤ ሆኖም ግሥ ሲጓጎል የሚጓጎለው ምን እንደ ሆነ ያሳያል።

ቀለል ወዳለው ለመመለስ፣ የበርበሬ ነጋዴዎች የሚያውቁት አንድ ልዩነት አለ። «ሂ ሎድድ ፔፐር ኦን ዘ ትራክ» ሲባል በርበሬው መኪና ላይ ወጥቷል፤ ሌላ ዕቃ የሚጫንበት ቦታ ተርፎ እንደ ሆነ አይታወቅም። «ሂ ሎድድ ዘ ትራክ ዊዝ ፔፐር» ሲባል ግን መኪናው በበርበሬ ተሞልቷል። አማርኛም «በርበሬውን መኪናው ላይ ጫነ» እና «መኪናውን በርበሬ ጫነው» ብሎ ይለያል። የማረቆ ፋና በርበሬ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሾፌር ኪራዩን የሚጠይቀው በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነው። «ስፕሬይ»፣ «ስፕሬድ» እና ይህን የመሰሉ ሌሎች ግሦችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

ብዙ ጊዜ የማይጠይቁ ግሦችም አሉ። «ቢጊን» እና «ስታርት» በ«ቱ»ም በ«ኢንግ»ም ቢሄዱ ልዩነታቸው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ፈተና አውጪዎች እነርሱን መጠየቅ ቢተዉ መልካም ነው። «ላይክ»ም ቢሆን በአሜሪካና በእንግሊዝ አነጋገር መካከል የሚለያይ ስለ ሆነ በአንድ መልስ ማሰር ፍትሕ አይሆንም። «ሪግሬት» ግን ለጽሕፈት ቤት ሰዎች ያስፈልጋል፤ «ዊ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ» የሚለው መጥፎ ዜና የሚነግር ደብዳቤ መክፈቻ ነው፤ «ዊ ሪግሬት ኢንፎርሚንግ ዩ» ብሎ የጻፈ መሥሪያ ቤት ግን ቀድሞ ባይነግር ይሻል እንደ ነበር ጸጸቱን እየገለጸ ነው። «ዌንት ኦን ቱ ቲች» እና «ዌንት ኦን ቲቺንግ»ም የሰውን የሕይወት ታሪክ ይለውጣሉ፤ የመጀመሪያው ከሌላ ሥራ ወደ መምህርነት ተሸጋገረ፣ ሁለተኛው ማስተማሩን ቀጠለ ነው።

ዘንድ አንቀጽን ከ«ቱ»፣ ንኡስ አንቀጽን ከ«ኢንግ» ጋር ማጣመር ምርኩዝ እንጂ ሕግ እንዳልሆነ ደግሞ መደበቅ አይገባም። «ማኔጅድ ቱ ፊኒሽ» ያለ ሰው ጨርሷል፤ ገና ሊጨርስ አይደለም። «አቮይድ» እና «ሪስክ» ገና ስላልሆነ ነገር ሲናገሩ ሳለ «ኢንግ»ን ይፈልጋሉ። እንዲህ ያሉት በቃል መያዝ አለባቸው። የሚያሳዝነው ተማሪዎች በቃል መያዝ የማያስፈልጋቸውን፣ በገዛ ቋንቋቸው የሚያውቁትን «ስቶፕ»ን፣ «ትራይ»ን፣ «ሪሜምበር»ን ከእነዚህ ጋር በአንድ ዝርዝር ደርድረው እንደ ጸሎት ሲደግሙ መኖራቸው ነው።

የዝርዝሩ ልማድ ያመጣው ደግሞ ባዶ ቦታ ሙሉ የሚለው ጥያቄ ነው። «ሂ ስቶፕድ ... ወተር» ተብሎ በቅንፍ «ድሪንክ» ሲሰጥ ሁለቱም መልሶች እንግሊዝኛ ናቸው፤ አስተማሪው አንዱን ልክ፣ ሌላውን ስሕተት ካለ ተማሪው የሚማረው ትርጉም የሌለው ነገር መሆኑን ብቻ ነው። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ተጽፈው፣ በመስቃንኛም በስልጢኛም በማረቆኛም ቤታቸው እንዴት እንደሚሉት ተማሪዎቹ ተጠይቀው፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ እየተራመደ «ስቶፕ ቱ ድሪንክ» ሲባል ቆሞ ከኮዳው ቢጠጣ፣ ሌላው ከኮዳው እየጠጣ ሳለ «ስቶፕ ድሪንኪንግ» ሲባል ኮዳውን ከአፉ ቢያነሣ፣ ለቀሩት ተማሪዎች የሚቀርበው ጥያቄ «የትኛው ልክ ነው?» መሆኑ ይቀርና «ከዚህ በኋላ ውኃ የገባው የማን ሆድ ነው?» ይሆናል።